ማን ይከፍላል? ከኮልፌ እስከ ሜካኒካል ምህንድስና ድኅረ ምረቃ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ አካባቢ፣ ቆሼ ከሚባለው የቆሻሻ ክምር ጎን የሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ከነምዕራፎቹ በብረትና በኮንክሪት ቆሟል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በቀን 1400 ቶን ያህል ቆሻሻ አቃጥሎ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። ቆሻሻው ይቃጠላል። እሳቱ ቦይለሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ ጄነሬተር። ጭሱ ተጣርቶ በረጅሙ ጭስ ማውጫ ይወጣል። ቃጠሎ፣ የሙቀት ዝውውር፣ የፈሳሽ ፍሰት፣ የብረታ ብረት ጠባይ፣ ቁጥጥር፤ አንድ ተማሪ አምስት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ የሚሰማቸው ስሞች እዚያ ግቢ ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው።

ችግሩም እዚያው ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትርፍራፊ ይበዛበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ይጨመርበታል። እርጥብ ቆሻሻ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ብዙውን የሚበላው የራሱን ውሃ ማትነን ነው። ቆሻሻውን እንዴት ማድረቅ ይቻላል? ከምን ጋር ቢደባለቅ ይሻላል? የቦይለሩን ቱቦዎች የሚበላውን ጋዝ ምን ይገታዋል? እያንዳንዱ ጥያቄ ለአንድ ሰው የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዲግሪ ጥናት ይበቃል። ቀልድም አይደለም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁበት ቦታ ነው።

ይህን ሊያጠና የሚመኝ የኮልፌ ልጅ አይጠፋም። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከሉካንዳ እስከ ቤቴል፣ ዲግሪውን ይዞ ስልኩ ላይ ዕድል የሚያስስ የሜካኒካል ምሩቅ ማግኘት ቀላል ነው። በቴሌግራም ቻናሎች «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየቀኑ ይፈስሳሉ፤ ወጣቱም አገር ሳይለይ፣ ዘርፍ ሳይለይ ወደ ሁሉም ይልካል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ግን ተዘሏል፤ ለትምህርቱ የሚከፍለው ማን ነው? የሚከፍለውስ ለምን ብሎ ነው?

አሜሪካ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። እዚያ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በአብዛኛው ከኪሱ ከፋይ ነው፤ ወጪው ለአንድ ዓመት ብቻ በአስር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። የፒኤችዲ ተማሪ ግን ወደ ተቀጣሪነት ይጠጋል። አንድ ፕሮፌሰር ከአገሪቱ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ከኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ፣ ከመከላከያው ወይም ከአንድ ኩባንያ የምርምር ገንዘብ ያገኛል፤ በዚያ ገንዘብ ላቦራቶሪው ውስጥ የሚሠራለት ተማሪ ይይዛል። ተማሪው የምርምር ረዳት ይባላል። የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ እንደ ዩኒቨርሲቲውና እንደ ከተማው ኑሮ የሚለያይ፣ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ25 ሺህ እስከ 40 ሺህ ዶላር የሚደርስ አበልም ይከፈለዋል። ፕሮፌሰሩ ገንዘብ ከሌለው ትምህርት ክፍሉ በማስተማር ረዳትነት ሊይዘው ይችላል፤ ያን ጊዜ ቴርሞዳይናሚክስ ወይም ስታቲክስ ለሚወስዱ ጀማሪዎች መልመጃ ያርማል፣ ላቦራቶሪ ያሠራል። ለዚህ ሥራ የሚናገረው እንግሊዝኛ በፈተና ይመዘናል።

ከዚህ አሠራር የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ብዙ አመልካች የማያውቀው። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው ሰው ለብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይችላል። «ማስተርስ ሳልይዝ እንዴት?» ብሎ ራሱን ያገደው ምሩቅ የሚያመለክተው ተማሪው ራሱ ለሚከፍልበት ፕሮግራም ነው ማለት ነው። ከበድ ያለው ዲግሪ ገንዘብ ለሌለው ሰው ይረክሳል። ካናዳ መሐል ላይ ነች፤ ምርምር ላይ የተመሠረተው ማስተርስ በአማካሪው ፕሮፌሰር ገንዘብ የሚደገፍ ሲሆን፣ በኮርስ ብቻ የሚጠናቀቀው ግን ተማሪው የሚከፍልበት ነው። የሁለቱ ፕሮግራሞች ስም ስለሚመሳሰል መደናገሩ አይገርምም።

የከፋዩ ምክንያት ምን ያህል እንደሚለያይ የአንድ ሰው ታሪክ ያሳያል። ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ በ1940 ዓ.ም. ቦንጋ ተወለዱ። የተማሩበት የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ጃፓን ሄደው በሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ቀጥለው አሜሪካ ገብተው በቦይንግና በሮክዌል የጠፈርና የሳተላይት ሥራ ላይ ተሰማሩ። በ1998 ዓ.ም. አረፉ። ሞስኮ ወዳጅ ፈልጋ ነበር፤ ቶኪዮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም ፊት ስሟን ማደስ ይዛ ነበር፤ የአሜሪካ ኩባንያዎች ደግሞ ከጠፈር ውድድሩ ጋር የሚሮጥ መሐንዲስ ያስፈልጋቸው ነበር። ሦስቱም በአንድ የቦንጋ ልጅ ላይ ተገናኙ።

ጃፓን ዛሬም ትከፍላለች። የትምህርት ሚኒስቴሯ ስኮላርሺፕ፣ በምኅጻሩ ሜክስት፣ አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል ዕጩ ይመለምላል፤ ማመልከቻው በነጻ ነው፤ ዕድሜ ከ35 በታች መሆን አለበት። ከዚህ ሌላ በ2013 እ.ኤ.አ. ዮኮሃማ ላይ ቲካድ በተባለው የጃፓንና የአፍሪካ የልማት ጉባኤ የታወጀው የአቤ ኢኒሼቲቭ አለ፤ እሱ ከማስተርሱ ጋር በጃፓን ኩባንያ ውስጥ የሥራ ልምምድ ያጣምራል። ምክንያቱ አልተደበቀም፤ ወደፊት ከጃፓን ኩባንያዎች ጋር የሚሠራ አፍሪካዊ ባለሙያ ማፍራት ነው። ለዚህ ስኮላርሺፕ የሚያመለክት ሰው ስለ ንጹሕ ሳይንስ ፍቅሩ ብቻ ቢጽፍ ሰሚ ያጣል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ነገሩ ያው ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። መስመሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን አምስት ኪሎ ካለው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ተስማምቶ ለሜካኒካል፣ ለኤሌክትሪካልና ለሲቪል ምሩቃን በባቡር ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አስጀመረ። በኋላም ዩኒቨርሲቲው በዓለም ባንክ ገንዘብ የአፍሪካ የባቡር የልሕቀት ማዕከል ከፈተ። ባቡር ባይመጣ ኖሮ ያ ወንበር አይኖርም ነበር። አገር ውስጥ ለመማር የሚያስብ ምሩቅ ጋዜጣ ላይ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ከሚጠብቅ ይልቅ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ሊሠራ እንደተነሣ ቢከታተል ይሻለዋል።

ሌላው የቆየ መንገድ ዩኒቨርሲቲ መቀጠር ነው። ጥሩ ውጤት ያለው ምሩቅ በረዳት ምሩቅነት ይገባል፤ ትንሽ ካስተማረ በኋላ ደመወዙ ሳይቋረጥ ማስተርሱን እንዲማር ይላካል። ሲመለስ የሚያገለግልበትን ዘመን ፈርሞ ነው የሚሄደው፤ ዋስም ይጠራል። ብዙዎቹ የዛሬ የሜካኒካል መምህራን በዚህ በር የገቡ ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለአገር ውስጥ ድኅረ ምረቃ የትምህርት ሚኒስቴርን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ የመጀመሪያ ዲግሪውም ቢሆን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ መውጫ ፈተና አይገኝም። ሥራ ላይ ያለው ደግሞ ማታና ቅዳሜ እየተማረ ከደመወዙ ይከፍላል።

ከኮልፌ ብዙም የማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ራሱ ከፋይ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ኅብረቱ ያቋቋመው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ አልጄሪያ፣ ትለምሰን ከተማ ውስጥ የውሃና የኢነርጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ የኢነርጂ ምህንድስና ማስተርስ ይሰጣል፤ ከመላው አፍሪካ የመጡ ተማሪዎቹን በስኮላርሺፕ ያስተምራል። ለሜካኒካል ምሩቅ ቅርብ ዘርፍ ነው።

ጀርመን ረዘም ያለ ወሬ ይገባታል፤ ለሜካኒካል ሰው መካ ናትና። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ይህ እውነት ግን ቀዳዳ አለው። የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለማስተርስ በሴሚስተር 4000 ወይም 6000 ዩሮ መጠየቅ ጀምሯል። ክፍያ በሌለበት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ቪዛው የኑሮ ገንዘብ ማሳየት ይፈልጋል፤ በዝግ ሒሳብ ውስጥ ለዓመት 11 ሺህ 904 ዩሮ። «ጀርመን ነጻ ነው» ሲባል የሰማ ቤተሰብ ይህን ቁጥር ወደ ብር ሲቀይረው ዝም ይላል።

ገንዘቡን የሚያሻግረው ዳድ የሚባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ነው። ከስኮላርሺፖቹ አንዱ ኤፖስ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን ሁለት መስፈርቶቹ ብዙ አበሻ ይጥላሉ። ከዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥራ መሥራት ያስፈልጋል፤ ዲግሪው ከስድስት ዓመት በላይ ያረጀ መሆን ደግሞ የለበትም። በተመረቀ ማግስት የሚያመለክተው ይወድቃል፤ አሥር ዓመት ቆይቶ የሚያስታውሰውም ይወድቃል። በመሐል ያለው የአራት ዓመት መስኮት ነው። በጋራዥም ይሁን በስኳር ፋብሪካ የተሠራበትን ዘመን የሚያረጋግጥ የልምድ ደብዳቤ በጊዜው አስጽፎ ማስቀመጥ ያዋጣል።

ውጤትም ይመነዘራል። ጀርመኖች የውጭ ውጤት የሚቀይሩበት የባቫሪያ ቀመር የሚባል ሒሳብ አላቸው። ከከፍተኛው ውጤት የአመልካቹ ውጤት ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ለከፍተኛውና ለዝቅተኛው ማለፊያ ልዩነት ይካፈላል፤ በሦስት ተባዝቶ አንድ ይደመርበታል። በእኛ 4.00 ከፍተኛ፣ 2.00 ዝቅተኛ ስለሆነ 3.40 ይዞ የወጣ ተማሪ በጀርመን 1.9 ይሆናል። 3.00 የያዘው 2.5 ይሆናል። በጀርመን 1.0 ምርጡ ነው፤ ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች በራቸውን የሚዘጉት 2.5 አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ 2.90 ያለው ልጅ ገና ገንዘብ ሳያወጣ ይህን ሒሳብ በወረቀት ቢሠራው ይተርፋል፤ ዩኒ አሲስት በተባለው የጋራ መቀበያ በኩል ለመጀመሪያው ማመልከቻ ብቻ 75 ዩሮ ይከፈላልና።

የቀሩትን አገሮች በአጭሩ ማየት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1400 ዩሮ ይሰጣል፤ በሁለትና ከዚያ በላይ አገሮች ያስተምራል፤ ፉክክሩም በዚያው ልክ ነው። ጣሊያን በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ የክልል ድጋፍ አላት። ኮሪያ ቋንቋዋን አንድ ዓመት አስተምራ ማስተርስ ታስገባለች፤ ኮሪያውያን ለእኛ እንግዳ አይደሉም፣ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ለዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመሩት ከሴኡል የመጡ ፕሮፌሰር ነበሩ። በሳዑዲ ዓረቢያ በቀይ ባሕር ዳር ያለው የንጉሥ አብዱላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለተቀበላቸው የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ሁሉ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ ጠንካራ የሜካኒካል ክፍል አለው፤ ከአገሪቱ ስም ጋር የሚያያዘው የቤት ሠራተኝነት ስደት ብቻ ሆኖ በመቅረቱ ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት።

ዕድሉ ከመገኘቱ በፊት የሚወጣው ወጪ ብዙ ቤት ያንገዳግዳል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት፤ ዋናውን ዲግሪና ወደ ውጭ የሚላከውን ትራንስክሪፕት ለማውጣት ሲሄድ ሬጅስትራሩ የክፍያ ማስረጃ ይጠይቀዋል። የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ጂአርኢ የተባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ የማመልከቻ ክፍያ፤ አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብር ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ጂአርኢ ብቻውን 220 ዶላር ነው። ደግነቱ ከኮቪድ ወዲህ ብዙ የሜካኒካል ክፍሎች ጂአርኢን ትተውታል፤ የማመልከቻ ክፍያም ሲለመኑ የሚምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ልመናው አንድ አጭር ኢሜይል ነው። ጥቂት መቶ ዶላር የሚያድን ደብዳቤ ለመጻፍ ማፈር ከንቱ ኩራት ነው።

አንድ ትንሽ የሚመስል ጣጣም አለ፤ የስም አጻጻፍ። ዲግሪው ላይ ስሙ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ከመጣ፣ የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከጠፋ፣ ወይም የምረቃው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰፍሮ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከተቆጠረ፣ ኤምባሲው ወይም ዩኒቨርሲቲው የሁለት ሰው ወረቀት ነው ብሎ ሊይዘው ይችላል። ማስተካከያው ወራት ይፈጃል። ፓስፖርት የሚያወጣ ምሩቅ ዲግሪውን በእጁ ይዞ ፊደል በፊደል ቢያመሳክር ይበጀዋል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሌላው ማነቆ ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩ በሥራ ስለሚወጠር «አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ማለት የተለመደ ሆኗል። ተማሪው ራሱን «ትጉህ፣ ታዛዥ፣ ጠባዩ የተመሰገነ» ብሎ ይጽፋል፤ ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ እጅ እንደተጻፈ ያስታውቃል። አሜሪካዊው ገምጋሚ የሚፈልገው ታዛዥነቱን አይደለም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ መሣሪያ ሲበላሽ ምን እንዳደረገ ነው። ደብዳቤው ከመምህሩ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ሲመጣ ደግሞ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ይጠራጠራል፤ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል እንዲጠቀሙ ቀድሞ በትሕትና መጠየቅ ይገባል። መምህሩ ጋር ባዶ እጅ ከመሄድ የመመረቂያ ሥራውን፣ የትራንስክሪፕቱን ቅጂና አብረው የሠሩትን ሦስት አራት ነገር በአንድ ገጽ ይዞ መሄድ ደብዳቤውን ያከብደዋል።

የዓላማ መግለጫ የሚባለው ጽሑፍ ላይ ኢትዮጵያዊ አመልካች ብዙ ጊዜ ሀብቱን ሳያውቅ ይቀራል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ማሽን እወድ ነበር» ብሎ የሚጀምር ወረቀት ከሻንጋይም ከሌጎስም ይመጣል። ምጣድ ግን ከእኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ እንጀራ እንዲወጣ ገጹ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት፤ እያንዳንዱ ሊጥ ሲፈስስበት ሙቀቱ ይወርዳል፤ እንደገና እስኪመለስ ይጠበቃል። ይህ የሙቀት ዝውውር ጥያቄ ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌዩ ኤንቲኤንዩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእርግጥም በፀሐይ ኃይል እንጀራ ስለ መጋገር አብረው ሠርተዋል፤ የፀሐይን ሙቀት በእንፋሎት አሻግረው፣ ከ200 ዲግሪ በላይ በሚቀልጥ የናይትሬት ጨው ውስጥ አከማችተው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጋገር ይቻል እንደሆነ ፈትነዋል። ከዚህ ሥራ የፒኤችዲ ዲግሪ የያዙ አሉ። ኖርዌይ ውስጥ የእንጀራ ምጣድ የምርምር ርዕስ ሆኖ ገንዘብ ከተገኘለት፣ ከረጲ አጠገብ ያደገ ልጅ ስለ እርጥብ ቆሻሻ ቃጠሎ ሁለት ገጽ ለመጻፍ የሚያጣው ነገር የለም።

ያን ሁለት ገጽ የሚያነበው ሰው ደግሞ መመረጥ አለበት። ስለ ቃጠሎ የሚጽፍ አመልካች የቃጠሎ ላቦራቶሪ የሌለው ክፍል ውስጥ ቢያመለክት ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር የሚቀበለው ፕሮፌሰር የለም። ስለዚህ ሥራው ከሰዎቹ ይጀምራል፤ ጽሑፎቻቸውን ፈልጎ ማንበብ፣ በቅርቡ ምን የምርምር ገንዘብ እንዳገኙ ማየት፣ ከዚያ አጭር ኢሜይል። ኢሜይሉ «ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ፣ ስኮላርሺፕ ይስጡኝ» ካለ ወደ መጣያው ይገባል። አንድ ጽሑፋቸውን አንብቦ አንድ ጥያቄ የጠየቀ፣ ቀጥሎ የራሱን ሥራ በሦስት መስመር የነገረ፣ በመጨረሻም በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይይዙ እንደሆነ የጠየቀ ግን መልስ የማግኘት ዕድል አለው። መልስ ባይመጣም ነውር የለበትም፤ ፈረንጆቹም ለፈረንጅ ተማሪ ሁልጊዜ አይመልሱም።

ጊዜውን በእኛ ወራት ማስላት ይጠቅማል። የአሜሪካ የፒኤችዲ ማመልከቻዎች በብዛት የሚዘጉት ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ነው። በሐምሌ የሚመረቅ ተማሪ የዚያኑ ዓመት መግቢያ አምልጦታል፤ ያለው ነሐሴና መስከረም ለፈተናና ለወረቀት፣ ጥቅምት ለፕሮፌሰሮች መጻፊያ፣ ኅዳር ለመላኪያ ነው። መልሱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመጣል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነት፣ የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ የማሰቢያ ጊዜ እንዲኖረው ይላል። «በሦስት ቀን ወስን» የሚል ዩኒቨርሲቲ ሲያጋጥም ይህን ቀን ማስታወስ አያስነውርም።

ድጋፉ ከተገኘ በኋላ ዩኒቨርሲቲው አይ 20 የሚባለውን ቅጽ ይልካል፤ ቅጹ ላይ ወጪው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚሸፍነው በቁጥር ሰፍሯል። ተማሪው ሴቪስ ለተባለው የውጭ ተማሪዎች መዝገብ 350 ዶላር ከፍሎ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ቪዛው ዘግይቶ ነሐሴ ቢያልፍ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያውን ወደ ጃንዋሪ ያሸጋግራሉ። መግቢያውን የሚያሸጋግረው ክፍል ግን የፕሮፌሰሩን ገንዘብ አያሸጋግርም፤ የምርምር ገንዘቡ የተሰጠው ለተወሰነ ሥራና ለተወሰነ ዘመን ስለሆነ ፕሮፌሰሩ ቦታውን ለሌላ ተማሪ ሊሰጠው ይችላል። ቪዛው መጓተት በጀመረበት ሳምንት ወደ መግቢያ ቢሮው ከመጻፍ በፊት ለፕሮፌሰሩ መጻፍና ገንዘቡ እስከ ጃንዋሪ ይቆይ እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።